ከቀዩ ቧንቧ ጋር ተዋወቅ

ሕንጻ አለህ። እሰይ!

«ትንሽ ናት» አትበለኝ። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች ባለ ሁለት ፎቅ ትሁን፣ አሌክሳንድሪያ ያለች የምግብ ቤት ሕንጻ ትሁን፣ ከሦስት ጓደኞችህ ጋር አዋጥታችሁ የገዛችሁት መጋዘን ይሁን፣ ያንተ ነው። ሌሊት ታክሲ ነድተህ፣ ፓርኪንግ ውስጥ በብርድ ቆመህ፣ ዕቁብ ጥለህ ያመጣኸው ንብረት ነው። ኩራበት!

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ።

የሕንጻህ የእሳት ማጥፊያ ውሃ የሚገባበት ዋናው ቫልቭ በዚህች ደቂቃ ክፍት ነው ወይስ ዝግ?

አላወቅክም፣ አይደል?

አይዞህ፣ ብቻህን አይደለህም። የሞርጌጅ ቀንህን ታውቃለህ። የትኛው ተከራይ ኪራይ እንደሚያዘገይ ታውቃለህ። ጣሪያው ስንት ዓመት እንደሆነው ታውቃለህ። ከቤዝመንቱ ወለል ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣውን ቀይ ቧንቧ ግን በአጠገቡ እያለፍክ አታየውም። ይህ ዛሬ ያበቃል። መሐንዲስ ሁን አላልኩህም። የሚያስፈልግህ የእጅ ባትሪ፣ ስልክህና አሥር ደቂቃ ነው።

(በነገራችን ላይ፣ «አንተ» የምለው ለአጻጻፍ እንዲቀለኝ ነው። እኔ የማውቃቸው ጠንቃቃ ባለንብረቶች አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። እህቴ፣ ምናልባት ይህን ጽሑፍ ለባለቤትሽ ጮክ ብለሽ ማንበብ ይኖርብሽ ይሆናል።)

የአንድ ወዳጄን ነገር ላጫውትህ። ሕንጻውን ከገዛ ሦስተኛ ዓመቱ ነበር። ምድር ቤቱን ለምግብ ቤት፣ ላዩን ለቢሮ አከራይቷል። አንድ ቀን ከውሃ ድርጅቱ ደብዳቤ መጣለት፤ ዓመታዊ የባክፍሎው ምርመራ ሪፖርት አልደረሰንም ይላል። ከማስታወቂያ ወረቀቶች ጋር ደርቦ ጠረጴዛ ላይ ወረወረው። ሁለተኛው መጣ። እሱም እዚያው። ሦስተኛው ግን ውሃ እንቆርጣለን የሚል ነበር። ያን ጊዜ ነው እያጉረመረመ ባለሙያ የጠራው።

ባለሙያው ቤዝመንት ወረደ። ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ወጣ።

«ጌታዬ፣ ቫልቩ እኮ ዝግ ነው።»

ማን ዘጋው? ነገሩን ስናጣራ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ወሰደን። የምግብ ቤቱን ኩሽና ያደሰው ቧንቧ ሠራተኛ ለሥራው ዘግቶት፣ ሳይከፍተው ዕቃውን ሰብስቦ ሄዷል። ቫልቩ ከማንቂያ ደወሉ ጋር አልተያያዘም፤ ስለዚህ ማንም አልሰማም። አንድ ዓመት ሙሉ ከላይ ሰው ሥራ ላይ ተቀምጦ፣ ከታች ዘይት እየፈላ፣ ጣሪያው ላይ የተደረደሩት ስፕሪንክለሮች ጌጥ ነበሩ። ወዳጄ በኀፍረት ወለል ወለሉን ያያል። እኔ ግን እጁን ጨበጥኩት። እሳቱ ሳይነግረው፣ ጠያቂ ሳይመጣበት አውቆታላ!

«ይሄ የእሱ ዝርክርክነት ነው» ብለህ እንዳታልፍ። በአሜሪካ የእሳት መከላከያ ደንቦችን የሚያወጣው ማኅበር፣ ኤንኤፍፒኤ፣ ለዓመታት የሰበሰበው መረጃ አንድ ነገር ይናገራል። እሳት ተነሥቶ ስፕሪንክለር ሳይሠራ ከቀረባቸው አምስት አጋጣሚዎች በሦስቱ ገደማ ውሃው ተዘግቶ ነበር። በቃ፣ ተዘግቶ! የሰው እጅ ዘጋው፤ የሰው እጅ ሳይከፍተው ቀረ።

መጥፎ ዜና ነው? በፍጹም! የሰው እጅ ያጎደለውን የሰው እጅ ይሞላዋል። ያንተ እጅ።

ሳይቃጠል በቅጠል እየተባልን አድገናል። ቅጠሉ ታዲያ የት ነው? ቤዝመንትህ ውስጥ፣ ከተከራይህ አሮጌ ወንበሮች ጀርባ ተደብቆ ይሆናል። ወንበሮቹን አንሣ!

ስፕሪንክለርን ያወቅከው በፊልም ከሆነ አላወቅከውም። አንዱ ሲጋራ ይለኩሳል፣ የሕንጻው ጣሪያ በሙሉ ዝናብ ያወርዳል፣ ሰው ይጯጯኻል። ተረት ነው። አብዛኛው ሕንጻ ውስጥ እያንዳንዱ የስፕሪንክለር ራስ የሚሠራው ለብቻው ነው። ቀና ብለህ እይ። መሃሉ ላይ ብዙውን ጊዜ ጣት የማታክል የመስታወት ብልቃጥ አለች፤ በውስጧ ባለ ቀለም ፈሳሽ አለ። ቀይ ከሆነች 68 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ትፈነዳለች። ቢጫ 79፣ አረንጓዴ 93። የምትጠብቀው ሙቀትን ነው፣ ጢስን አይደለም። ስለዚህ ቡናው ይፈላ፣ ዕጣኑም ይጨስ። (ዕጣን የሚያስጮኸው የጢስ ጠቋሚውን ነው፤ እሱ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።) ስፕሪንክለር ሥራውን ከሠራባቸው እሳቶች ደግሞ ከአራቱ በሦስቱ የተከፈተው አንድ ራስ ብቻ ነው። አንድ!

ይህን ነገር ሥራ ላይ ያዋለው ማን ይመስልሃል? የእሳት አደጋ አለቃ? ፕሮፌሰር?

ፒያኖ ሠሪ ነው!

1872 ላይ (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ፊሊፕ ፕራት የሚባል ሰው ለአውቶማቲክ ስፕሪንክለር ፓተንት አወጣ። 1874 ላይ ደግሞ ሄንሪ ፓርምሊ ኮኔቲከት ውስጥ፣ ኒው ሄቨን ከተማ፣ የፒያኖ ፋብሪካውን ከእሳት ለማዳን የራሱን የተሻሻለ ስፕሪንክለር ሠርቶ ገጠመ። እንጨት፣ ሙጫ፣ ቫርኒሽ፤ ፒያኖ ፋብሪካ ማለት የተቆለለ ማገዶ ማለት ነው። ሰውዬው ተቀምጦ አልተጨነቀም። ባለንብረት ነበር፤ እንደ ባለንብረት አሰበ። እንዳንተ ያለ ሰው ነው የጀመረው ማለት ነው።

ስፕሪንክለር ሠርቶ ሲገኝ ምን ያደርጋል? ፊላዴልፊያ፣ የካቲት 1991። ዋን ሜሪዲያን ፕላዛ የሚባል 38 ፎቅ ሕንጻ 22ኛ ፎቁ ላይ እሳት ተነሣ። እሳቱ ስፕሪንክለር የሌላቸውን ፎቆች እየበላ፣ እየበላ ወጣ። ሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ። በመጨረሻ እሳቱን ከውስጥ መዋጋቱ ቀርቶ ሠራተኞቹ ከሕንጻው እንዲወጡ ታዘዙ። ከዚያ እሳቱ 30ኛ ፎቅ ደረሰ። እዚያ ፎቅ ላይ ስፕሪንክለር ተገጥሞ ነበር።

አሥር ራሶች ተከፈቱ። እሳቱ እዚያ ቆመ።

አሁን ወደ ወዳጄ ደብዳቤ እንመለስ። ባክፍሎው ምንድን ነው?

ልጅ ሆነህ በርሜል ውስጥ ጎማ ከትተህ፣ በአፍህ ሳብ አድርገህ ውሃ ቀድተህ ታውቃለህ? ነጭ ጋዝ ስትስብ አፍህ ውስጥ ገብቶብህስ? እሱ ነው! ንጹሕ ውሃ ከመንገዱ ቧንቧ ወደ ሕንጻህ የሚመጣው ግፊት እየገፋው ነው። የመንገዱ ግፊት ድንገት ከወደቀ፣ ወይም ካንተ በኩል ያለው ግፊት ከበለጠ፣ ውሃው ይዞራል። ካንተ ቧንቧ ወደ ሰፈሩ ይሄዳል። የያዘውን ይዞ።

የስፕሪንክለር ቧንቧ ደግሞ ምን ይዟል? ለዓመታት ያልተንቀሳቀሰ ውሃ። ዝገት፣ ቧንቧው ሲገጠም የቀረ የመቁረጫ ዘይት፣ ብረት የሚበሉ ባክቴሪያዎች። ሲፈስስ አይተህ ከሆነ ታውቀዋለህ፤ ጥቁር ነው፣ ይሸታል። እንዳይቀዘቅዝ ፀረ በረዶ ኬሚካል የተጨመረበትም አለ። የእሳት አደጋ መኪና መጥቶ ከውጭ ባለው መግጠሚያ ውሃ ሲገፋበት ደግሞ የውስጡ ግፊት ከመንገዱ ይበልጣል። ያ ጥቁር ውሃ የጎረቤትህ ሕፃን ጡጦ ውስጥ እንዳይገባ የሚከለክለው ምንድን ነው? አንድ መሣሪያ። ባክፍሎው ፕሪቬንተር።

«ይህ በወሬ ነው እንጂ የት ደርሶ ያውቃል?»

1969፣ ማሳቹሴትስ፣ ዉስተር ከተማ። የሆሊ ክሮስ ኮሌጅ የእግር ኳስ ቡድን፣ የአሜሪካው እግር ኳስ ማለቴ ነው፣ በነሐሴ ሙቀት ይለማመዳል። ከተማው ውስጥ ቤት ተቃጠለ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች የመንገዱን ውሃ በብዛት ሲስቡ ግፊቱ ወረደ። በልምምድ ሜዳው አጠገብ ሣር ለማጠጣት መሬት ውስጥ የተቀበሩ ቧንቧዎች ነበሩ፤ ጉድጓዳቸው ውስጥ ውሃ ያቁራል። ሄፓታይተስ የያዛቸው የሰፈር ልጆች እዚያ ይጫወቱ ነበር። ግፊቱ ሲወርድ ያ የቆሸሸ ውሃ ወደ ቧንቧው ተሳበ። ተጫዋቾቹም ጠጡት። ከ97 ተጫዋቾችና አሠልጣኞች 90ዎቹ በበሽታው ተያዙ። ቡድኑ ሁለት ጨዋታ ተጫውቶ የዓመቱን ውድድር አቋረጠ።

እሳቱን ያጠፉት ሰዎች ጥፋት የለባቸውም። ተጫዋቾቹም የለባቸውም። ማንም ክፉ ነገር አላሰበም። ማንም ያላየው ቧንቧ ብቻ ነበር።

አዲስ አበባ ሕንጻ እያሠራህ ያለኸው ወንድሜ፣ አንተም ስማ። እዚያ ውሃ በፈረቃ ነው። ፈረቃው ሲያልፍ የመንገዱ ግፊት ባዶ ይሆናል፤ ያኔ በርሜል ውስጥ የተተወ ጎማ ሁሉ የመጠጫ ስትሮ ነው። ውሃ ሲመጣ የመጀመሪያውን ድፍርስ የምታፈስሰው ለምን መሰለህ? ሮቶህን ስታስገጥም ቧንቧው ከላይ ይግባ፤ አፉ ውሃው ውስጥ አይጠመቅ። ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የምታሳልፍ ቫልቭም አስገጥም። ሠራተኛው «አያስፈልግም» ቢልህ ያስፈልጋል በለው።

ወደ አሜሪካው ቤዝመንት ልመልስህ። ስፕሪንክለር ላይ ብዙ ጊዜ የምታገኘው የባክፍሎው መሣሪያ ሁለት በሮች ያሉት ነው፤ በር ስልህ በምንጭ የሚዘጉ የውስጥ ክዳኖች። አንዱ ቢያቅተው ሌላው ይይዛል። ኬሚካል ያለበት ቧንቧ ላይ ደግሞ በሁለቱ መሃል ውሃውን ወደ ውጭ የሚያፈስስ ሦስተኛ መውጫ ያለው፣ ጠንከር ያለ ዓይነት ይገጠማል። ፈቃድ ያለው መርማሪ መጥቶ መሣሪያው ላይ ባሉት አራት ትንንሽ ቧንቧዎች የግፊት መለኪያውን፣ ጌጁን፣ ያስራል። ሁለት በር ባለው ዓይነት ላይ እያንዳንዱ በር ቢያንስ 1 ፒኤስአይ ግፊት መያዝ አለበት። ያዘ? አለፈ። አልያዘም? ወደቀ። ለአንድ መሣሪያ ብዙውን ጊዜ አንድ ሰዓት አይሞላም።

ሲመጣ አብረኸው ውረድ! ቁልፉን ሰጥተህ አትሂድ። የትኛው ቫልቭ የቱን እንደሚዘጋ አሳየኝ በለው። ከመዝጋቱ በፊት ለማንቂያ ድርጅቱ መደወሉን ጠይቅ፤ ካልደወለ ሦስት የእሳት አደጋ መኪና ደጅህ ይቆማል። ሲጨርስ ደግሞ ቫልቮቹን መልሶ መክፈቱን በዓይንህ እይ። የወዳጄን ዓመት አትርሳ።

እዚህ ላይ ብዙ ባለንብረት የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ ዘርዘር ላድርገው። የውሃ ድርጅቱ የሚፈልገው ምርመራ ውሃው ወደ ኋላ አለመመለሱን ነው። እሳት ሲነሣ አንተ የምትፈልገው ግን ውሃው ወደ ፊት መሄዱን ነው! ያ መሣሪያ በሮቹ በዝገት ተይዘው በደንብ ካልተከፈቱ የመጠጥ ውሃውን በግሩም ሁኔታ ይጠብቃል፣ ስፕሪንክለርህን ደግሞ ያስጠማዋል። ስለዚህ ኤንኤፍፒኤ 25 የሚባለው ደንብ በዓመት አንዴ ሌላ ፍተሻ ይጠይቃል፤ ስፕሪንክለሩ የሚፈልገውን ያህል ውሃ በመሣሪያው ውስጥ ወደ ፊት አሳልፎ ማየት። ሁለቱ ለየብቻ ናቸው። የአንዱን ወረቀት ይዘህ «ሁለቱንም ጨርሻለሁ» እያልክ ራስህን አታታልል። ኮንትራክተርህን በስሙ ጠይቀው፤ «ፎርዋርድ ፍሎው ሠርተሃል ወይ?» በለው። ዓይኑን ካፈጠጠ ሌላ ኮንትራክተር ፈልግ።

ዋናውን ማፍሰሻ ከፍተው ግፊቱን የሚለኩበት ፍተሻም አለ፤ እሱም ቢያንስ በዓመት አንዴ ነው። ቁጥሩን ካምናው ጋር አስተያይ። ውሃው እየፈሰሰ የሚነበበው ግፊት አንድ አሥረኛ ከቀነሰ የሆነ ቦታ የሆነ ነገር ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱ ይፈለግ።

ባለሙያው በዓመት ይመጣል። በየወሩስ ማን አለ? አንተ!

ልማድ የሚያዘው ከሌላ ልማድ ጋር ሲታሰር ነው። ኪራይ የምትቀበልበትን ቀን ረስተህ ታውቃለህ? አታውቅም! እንግዲያው ቀዩን ቧንቧ ከዚያ ቀን ጋር እሰረው። ኪራይ ስትቀበል ቧንቧውን ጎብኝ። በቃ። ደንቡም የተቆለፈ ቫልቭ በወር አንዴ እንዲታይ ይላል። በማኅተም ብቻ የታሰረ ከሆነ ግን በየሳምንቱ ነው፤ ስለዚህ ሰንሰለትና ቁልፍ ግዛና ሦስት ጉዞ አትርፍ።

ምን ታያለህ? ክብ እጀታ ካለው ቫልቭ መሃል ጥርስ ያለው ዘንግ ወደ ውጭ ረዝሞ ከወጣ ክፍት ነው፤ ገብቶ ከተደበቀ ዝግ ነው። ጌጁ ላይ ያለውን ቁጥር አንብብ፣ በስልክህ ፎቶ አንሣ። ዜሮ ከሆነ ሻይ አትጠጣ፣ ደውል። ቫልቩን ራስህ አትጠምዝዝ፤ ምናልባት የተዘጋው የሆነ ቦታ ቧንቧ ተሰብሮ ይሆናል። ሲስተሙ በ24 ሰዓት ውስጥ ከአሥር ሰዓት በላይ ከሥራ ውጭ ከሆነ ሕንጻው ውስጥ እየዞረ እሳት የሚጠብቅ ሰው መመደብ፣ ወይም ሰዎቹን ማስወጣት አለብህ። አትቆጣ፣ ተዘጋጅ።

ከዚያ ወደ ላይ ውጣና ቀና በል። ቀለም ቀቢው ራሶቹን ነጭ አድርጓቸዋል? በቢላ አትፋቅ፤ ቀለም የነካው ራስ ይቀየራል እንጂ አይጸዳም። ተከራይህ የበርበሬ ከረጢትና የጤፍ ጆንያ እስከ ጣሪያ ከምሯል? ከራሱ በታች 18 ኢንች፣ ማለትም 46 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ባዶ ቦታ ይተው፤ ያለዚያ ውሃው ጃንጥላ አግኝቷል። የእንቁጣጣሽ መብራት ቧንቧው ላይ ተንጠልጥሏል? አውርድ። ግድግዳው ላይ ያለችውን ትንሽ ቀይ ሳጥን ክፈት፤ ቢያንስ ስድስት መለዋወጫ ራስና የራሷ መፍቻ ሊኖራት ይገባል። የኔ ወዳጅ ሲከፍታት ያገኘው የሲጋራ ፓኮ ነበር።

ክረምት ላይ ደግሞ አንድ ልዩ ችግር አለብን፣ የኛ የሐበሾች። ተከራዩ ገናንና ጥምቀትን አዲስ አበባ ሊያከብር ይሄዳል፤ ጋዝ ለመቆጠብ ማሞቂያውን ያጠፋል። ቧንቧው በረዶ ይሠራል፣ ይሰነጠቃል፣ በረዶው ሲቀልጥ ሦስት ሱቅ ያጥለቀልቃል። ውሃ ያለበት ቦታ ሁሉ ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች አይውረድ። ይህን በሊዙ ላይ ጻፍ! ስለ ሊዝ ካነሣን፣ ጥገናውን ለተከራዩ በጽሑፍ ካላስተላለፍክ ኃላፊነቱ የባለቤቱ ነው። «እሱ ያየዋል ብዬ ነበር» የሚል ውል የለም።

አምስት ዓመት ሲሞላ የቧንቧው ውስጥ ተከፍቶ ይታያል፣ ጌጆቹ ይቀየራሉ ወይም ይመረመራሉ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ ዝገትም እንደዚሁ። ሕንጻህ 50 ዓመት ያለፈው ከሆነና ራሶቹ የጥንቶቹ ከሆኑ፣ ናሙና ተወስዶ ላቦራቶሪ ይላካል ወይም ይቀየራሉ።

መሣሪያው ምርመራውን ቢወድቅስ?

ይውደቅ! ምርመራ ወደቀ ማለት ብዙ ጊዜ ያረጀ ላስቲክ፣ የደከመ ምንጭ፣ በሩ ሥር የተሰነቀረች ጠጠር ማለት ነው። ይጠገናል፣ እንደገና ይመረመራል፣ ያልፋል። ወረቀቱን አትደብቅ። የወደቀበትንም፣ ያለፈበትንም አንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጥ። ነገ ኢንሹራንሱ ሲጠይቅ፣ ወይም ሕንጻውን ስትሸጥ፣ ያ ፋይል ይናገርልሃል።

ገንዘቡስ? እኔ የዋጋ ዝርዝር አላወጣም፤ ከሦስት ቦታ አስጠይቅ። ግን አንድ ነገር አስተውል። ያ ወዳጄ ከምርመራው ክፍያ የበለጠ ለአንድ የሠርግ ግብዣ የሽቶ መግዣ ያወጣል።

አሁን ግን ተለውጧል። በየወሩ መጀመሪያ ስልኬ ትጮኻለች፤ የጌጅ ፎቶ ነው። መጀመሪያ ሰሞን የሚያሾፍ ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ወር ከፎቶው ሥር እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦

«ካለፈው ወር 15 ወርዷል። ደውዬላቸዋለሁ፣ ጠዋት ይመጣሉ። የዕቁቡን ቅዳሜ አመጣለሁ።»